በእራፊ ጨርቅ ታሪክ የሰፋችው ገበሬ
የሃሪየት ፓወርስ ሕይወትና ሥራ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሃቤቴ ደጋ ውርጩ ሲበረታ ሰው የሚጠለለው በባናና በዝተት ነው። ከቀየት እስከ ግሼ ባሉ መንደሮች በግ የሚሸልቱ፣ ፀጉሩን የሚነድፉ፣ በእንዝርት የሚፈትሉና የሚሸምኑ እጆች ሞልተዋል። ባናው ገበያ ወጥቶ ይሸጣል፣ አገር አቋርጦም ይሄዳል። የሠራው ሰው ስም ግን አብሮት አይሄድም። ገዢው የሚያውቀው ዋጋውን ብቻ ነው።

ይህ በአንድ አገር ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። በዓለም ዙሪያ የገበሬ ቤት የእጅ ሥራ ሠሪዎች አብዛኞቹ ስማቸው ሳይታወቅ አልፈዋል። ከእነዚህ መካከል ስማቸው ከቀረላቸው ጥቂቶች አንዷ ሃሪየት ፓወርስ ናት። ሃሪየት በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት በባርነት ተወልዳ፣ በነፃነት ዘመኗ ትንሽ ማሳ እያረሰች የኖረች የገበሬ ሚስት ነበረች። በእጇ ከሠራቻቸው የሌሊት ልብሶች ሁለቱ ዛሬ በአሜሪካ ታላላቅ ሙዚየሞች ውስጥ ይገኛሉ። አንደኛውን ግን በሕይወት ሳለች የሸጠችው በአምስት ዶላር ነበር። እንዴት በአምስት ዶላር ሸጠችው? ሥራዋስ እንዴት ከጥፋት ተረፈ? የሕይወት ታሪኳ መልሱን ይሰጣል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ልደትና ልጅነት

ሃሪየት የተወለደችው ኦክቶበር 29 ቀን 1837 በጆርጂያ ግዛት አቴንስ ከተባለች ከተማ አቅራቢያ ነው። በእኛ አገር ያን ጊዜ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ከአንኮበር ሆነው የሚያስተዳድሩበት ዘመን ነበር። ጆርጂያ የጥጥ አገር ናት። ጥጡን የሚዘሩት፣ የሚኮተኩቱትና የሚለቅሙት ከአፍሪካ በግፍ የተወሰዱ ሰዎችና ልጆቻቸው ነበሩ። ሃሪየትም በሕግ ዓይን የሌላ ሰው ንብረት ሆና ተወለደች።

በባርነት የተያዙ ሴቶች ሥራ ከማሳ ሲመለሱ አያበቃም ነበር። ለጌቶቻቸው ቤት መፍተል፣ መሸመንና መስፋት ይጠበቅባቸዋል። ሃሪየትም መርፌና ክር የያዘችው በዚህ ዓይነት ሕይወት ውስጥ በልጅነቷ እንደሆነ ይታመናል። ፊደልን በተመለከተ የጆርጂያ ሕግ ከ1829 ጀምሮ በባርነት ያለን ሰው ማንበብና መጻፍ ማስተማርን ይከለክል ነበር። በዚህ ምክንያት ሃሪየት ማንበብ እንደማትችል ለብዙ ዓመታት ሲጻፍ ኖሯል። በኋላ ግን በ1896 የጻፈችው ደብዳቤ ይዘት ተገኘና ያ ግምት ተፋለሰ። በደብዳቤው እንደገለጸችው በልጅነቷ ማንበብ የተማረችው ከነጮቹ ልጆች ነው።

በ1855 አርምስቴድ ፓወርስ የተባለ ሰው አገባች። አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን የያዙበት ዓመት መሆኑ ነው። ሃሪየት ያን ጊዜ ዕድሜዋ 18 ዓመት ገደማ ነበር። ባልና ሚስቱ ቢያንስ ዘጠኝ ልጆች ወልደዋል፤ ሁሉም ግን አላደጉላቸውም።

ድሪቶና ኩዊልት

የሃሪየትን ሥራ ለመረዳት በቅድሚያ ኩዊልት ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ኩዊልት በአሜሪካ ገጠር የተለመደ ወፍራም የሌሊት ልብስ ነው። ሦስት ድርብ አለው። የላይኛው ድርብ የሚታየው ክፍል ሲሆን ከተለያየ ቀለም እራፊ ጨርቅ ተቀጣጥሎ ይሠራል። መካከለኛው ድርብ ሙቀት የሚሰጠው ሲሆን የተነደፈ ጥጥ፣ ማለትም ባዘቶ ይነጠፍበታል። የታችኛው ድርብ ገበሩ ነው። ሦስቱ ተደራርበው በእንጨት ማወጠሪያ ላይ ከተወጠሩ በኋላ ከላይ እስከ ታች በሚዘልቅ ጥቃቅን ስፌት ይወሰወሳሉ። ስፌቱ ባዘቶው ከቦታው እንዳይንሸራተትና እንዳይጓጉል ይይዘዋል።

ሥራው ብዙ እጅ ይፈልጋል። በመሆኑም የአሜሪካ ገጠር ሴቶች በአንድ ቤት ተሰብስበው የአንዷን ጨርሰው ወደ ሌላዋ የሚያልፉበት ልማድ ነበራቸው። በእኛ ገበሬ አነጋገር ደቦ ወይም ወንፈል ማለት ነው።

በእኛ አገር ከእራፊ የተጣፈ ልብስ ድሪቶ ይባላል። ድሪቶ የድህነት ምልክት ተደርጎ ስለሚታይ ለባሹም ያፍርበታል። ኩዊልትም መነሻው ቁጠባ ነው፤ ያለቀ ቀሚስና የተረፈ ቁራጭ ሳይጣል ይሰበሰባል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ባለው ሥራ ላይ ነው። ሰፊዋ ቀለሙን ከቀለም፣ ቅርጹን ከቅርጽ አስማምታ ስትገጥመው እራፊው ጌጥ ይሆናል።

ሃሪየት ከዚህም አልፋ ሄደች። በእራፊው የሰው፣ የእንስሳ፣ የፀሐይ፣ የጨረቃና የከዋክብት ምስል ቆርጣ በሰፊው ጨርቅ ላይ ለጥፋ ሰፋች። በምዕራብ አፍሪካ የዳሆሜ፣ የዛሬዋ ቤኒን፣ የፎን ሕዝብ ባለሙያዎችም የተቆረጠ ምስል በጨርቅ ላይ እየሰፉ የነገሥታትን ታሪክ ይተርኩ ነበር። የጥበብ ታሪክ አጥኚዎች የሃሪየትን ሥራ ከዚህ ጋር ያመሳስሉታል። ለእኛ አገር አንባቢ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕልን ያስታውሳል። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን ግድግዳውን እያየ መጽሐፉን እንደሚረዳ ሁሉ የሃሪየትም ጨርቅ ለሚያየው ሁሉ ይተርካል። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተርታ በተከፋፈሉ ሥዕሎች የሚተርከው የአገራችን ባህላዊ ሥዕልም አሠራሩ ተመሳሳይ ነው።

ነፃነትና አራት ኤከር መሬት

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከ1861 እስከ 1865 ተካሂዶ ሲያበቃ ባርነት በሕግ ተሻረ። ሃሪየት ያን ጊዜ የ28 ዓመት ሴት ነበረች። ነፃነቱ ግን ከመሬት ጋር አልመጣም። ነፃ የወጡት ሰዎች አብዛኞቹ በቀድሞ ጌቶቻቸው ማሳ ላይ እኩል አራሽና የቀን ሠራተኛ ሆነው ቀሩ። በ1870 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ አርምስቴድ የእርሻ ሠራተኛ፣ ሃሪየት ደግሞ የቤት እመቤት ተብለው ተመዝግበዋል።

ባልና ሚስቱ ግን ጥረው ግረው በ1880ዎቹ የአራት ኤከር መሬት ባለቤት ሆኑ። አራት ኤከር 1.6 ሄክታር ያህል ሲሆን በእኛ አለካክ ስድስት ጥማድ ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። በሌላ ሰው ንብረትነት ለተወለዱ ሁለት ሰዎች ግን የራስ መሬት ማለት ምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

የዘመኑ የእርሻ ሁኔታ ለአነስተኛ ገበሬ የሚመች አልነበረም። በጥጥ አገር ነጋዴው ለገበሬው ዘር፣ ማዳበሪያና ቀለብ በዱቤ ይሰጣል። መያዣው ገና ያልበቀለው ጥጥ ነው። ወለዱ ከፍተኛ ስለሆነ አዝመራው ሲሰበሰብ ዕዳው ምርቱን ይበላዋል። ገበሬው ጥጥ እንጂ ሌላ እንዳይዘራም አበዳሪው ያስገድደዋል። ሁሉም ጥጥ ሲያመርት ዋጋው እየወረደ ሄደ። በ1870ዎቹ መጀመሪያ አንድ ፓውንድ ጥጥ ከአሥር ሳንቲም በላይ ያወጣ ነበር። በ1894 ግን ከስድስት ሳንቲም በታች ወረደ። እንግዲህ ገበሬው ቀድሞ ይሸጠው የነበረውን ያህል ጥጥ ይዞ ገበያ ቢወጣ የሚያገኘው ገንዘብ ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው። ዕዳው ግን አልቀነሰለትም።

የ1886ቱ የጥጥ ትርዒት

በ1886 በአቴንስ ከተማ የጥጥ ትርዒት ተዘጋጀ። ገበሬዎች ምርታቸውንና ከብታቸውን፣ ሴቶችም የእጅ ሥራቸውን አቀረቡ። በዛሬ አነጋገር ባዛርና ኤግዚቢሽን ማለት ነው። ሃሪየት የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ የሰፋችበትን ኩዊልት ይዛ ቀረበች።

ከተመልካቾቹ መካከል ጄኒ ስሚዝ የተባለች ነጭ ሴት ነበረች። ጄኒ ሠዓሊ ስትሆን በከተማዋ በሚገኘው የሉሲ ኮብ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት የሥዕል መምህርት ነበረች። ጨርቁን ስታይ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አይታ እንደማታውቅ ተገነዘበች። ሠሪዋን አፈላልጋ አገኘቻትና ልትገዛት ጠየቀች። ሃሪየት በምንም ዋጋ እንደማትሸጥ ነገረቻት።

ትርዒቱ በተካሄደበት በዚያው ዓመት መጨረሻ በቴክሳስ ግዛት የጥቁር ገበሬዎች ኅብረት ተመሠረተ። የኅብረቱ ዓላማ ገበሬው በጋራ እንዲገዛና በጋራ እንዲሸጥ ማድረግ ነበር። በአንዳንድ የደቡብ የወደብ ከተሞችም የግብይት ማዕከላት ከፍቶ ለአባላቱ ዕቃ በቅናሽ ያቀርብ ነበር። ኅብረቱ በ1891 ከገጠመው ውድቀት በኋላ ግን አልቆየም። ፓወርሶች በበኩላቸው የደረሰባቸውን ችግር የተጋፈጡት ለብቻቸው ነበር።

አምስት ዶላር

ከትርዒቱ አራት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ የፓወርስ ቤት ተቸገረ። ሃሪየት ጨርቁን ለመሸጥ መዘጋጀቷን ለጄኒ ላከችባት። አጋጣሚ ሆኖ ያን ጊዜ ጄኒ ገንዘብ አልነበራትም። በ1891 ጄኒ በተራዋ አሁን መግዛት እንደምትችል ላከች።

ሃሪየትና ባሏ በበሬ በሚጎተት ጋሪ ወደ ከተማ መጡ። ጨርቁ በንጹህ የዱቄት ከረጢት ተጠቅልሎ፣ ከረጢቱም በጆንያ ተሸፍኖ ሃሪየት ጭን ላይ ነበር። አቧራ እንዳይነካው እንደ ሕፃን ታቅፋው መጣች። የጠየቀችው አሥር ዶላር ነበር። ጄኒ ከአምስት ዶላር በላይ መክፈል እንደማትችል ገለጸችላት። ሃሪየት ወደ ውጭ ወጥታ ከባሏ ጋር ተማከረች። አርምስቴድ የጊዜውን ችግር አስታውሶ እንድትቀበል መከራት። ተመልሳ ገባችና በአምስት ዶላር ሰጠችው።

እዚህ ላይ የሁለቱን ሴቶች አቋም ማስተዋል ይገባል። ጄኒ ክፉ ሰው አልነበረችም። የሥራውን ዋጋ ከማንም በላይ የተረዳችው እርሷ ነበረች። ሆኖም አንደኛዋ ብትገዛም ባትገዛም ቤቷ ትውላለች፤ ሌላኛዋ ግን ካልሸጠች የምትመለሰው ወደ ችግር ነው። ገዢም ያለችው አንድ ብቻ ናት። በእንዲህ ዓይነት ገበያ ላይ ዋጋው በሥራው ጥራት አይወሰንም፤ የሚወሰነው መጠበቅ በሚችለው ወገን ነው። በክፉ ቀን በጉን ወይም ባናውን ገበያ አውጥቶ በተሰጠው ዋጋ የሸጠ የደጋ ገበሬ ይህን ያውቀዋል። በነገራችን ላይ ሃሪየት ጨርቋን በሸጠችበት ወቅት የኢትዮጵያ ደጋም ክፉ ቀን በሚባለው ረሀብና የከብት እልቂት ውስጥ ነበር።

ሃሪየት ጨርቁን ከማስረከቧ በፊት የእያንዳንዱን ምስል ትርጉም ለጄኒ አስረዳቻት። ጄኒም በጽሑፍ መዘገበችው። ቁራጭ ጨርቆችንም ሰጠቻት። ሃሪየት ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ እየተመላለሰች የሸጠችውን ጨርቅ ታየው ነበር። ለእርሷ ጨርቁ ከአእምሮዋ የወለደችው ልጅ ነበርና።

በጨርቁ ላይ ምን ነበር?

የመጽሐፍ ቅዱስ ኩዊልት በሚል የሚታወቀው ይህ ሥራ በሦስት ረድፍ የተደረደሩ 11 ክፍሎች አሉት። ወርዱና ቁመቱ ሁለት ሜትር ያህል ነው። የተሰፋው በእጅና በስፌት መኪና ነው።

የመጀመሪያው ክፍል አዳምና ሔዋንን በገነት ያሳያል። ዝሆን፣ ግመልና ሰጎን ይታያሉ። የሚገርመው በዚህ ክፍል ካሉት እንስሳት እግር የተሰፋለት እባቡ ብቻ መሆኑ ነው። በመጽሐፉ መሠረት እባብ በሆዱ የሚሄደው ከተረገመ በኋላ ስለሆነ ሃሪየት ታሪኩን በጥንቃቄ አስባበት እንደነበር ያሳያል። ቀጥሎ ቃየን ወንድሙን አቤልን ሲገድል ይታያል፤ የፈሰሰው ደም በምድር ላይ በግልጽ ተሰፍቷል። ያዕቆብ በሕልሙ ያየው መሰላል፣ የጌታ ጥምቀት፣ የመጨረሻው እራት፣ ይሁዳና ሠላሳው ብር፣ ስቅለቱና ቅዱሱ ቤተሰብም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ክፍል አላቸው።

ሃሪየት ምስሎቹን በዝርዝር አላስጌጠቻቸውም። ሰው በጥቂት መስመር ይቆማል፤ ዓይንና አፍንጫ የለውም። እንቅስቃሴው ግን ይናገራል፤ የተዘረጋ እጅ፣ ያዘነበለ ራስ፣ በሰማይ የተሰቀለ ኮከብ። ዘመን የጨርቁን ቀለም ቢያደበዝዘውም ታሪኩ አሁንም ይነበባል።

ሁለተኛው ሥራ

ጄኒ ስሚዝ የገዛችውን ኩዊልት በቤቷ ደብቃ አላስቀመጠችውም። በ1895 በአትላንታ ከተማ በተካሄደው ትልቅ የጥጥ ግዛቶች ኤግዚቢሽን ላይ ለጥቁሮች ሥራ በተዘጋጀው ሕንፃ እንዲታይ አደረገች። የሃሪየት ስምም ከጆርጂያ ውጭ መሰማት ጀመረ። ከላይ የተጠቀሰውን የ1896 ደብዳቤ የጻፈችውም በሩቅ አዮዋ ግዛት ለምትኖር አንዲት ሴት ነበር። ከደብዳቤው እንደሚታወቀው በሕይወቷ የሠራቻቸው ኩዊልቶች ከአራት አያንሱም። የተገኙት ግን ሁለት ብቻ ናቸው።

ሁለተኛው፣ የሥዕል ኩዊልት የሚባለው፣ በ1890ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተሠራ ነው። 15 ክፍሎች አሉት። ዮናስና ዓሣው፣ ሙሴና እባቡ፣ ኢዮብ በጸሎት፣ ሁለት ሁለት ሆነው የሚሄዱ እንስሳት በላዩ ይገኛሉ። ይህን ሥራ ከፊተኛው የሚለየው ግን ሃሪየት ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ጎን የአገሯን ታሪክ መስፋቷ ነው።

በአንደኛው ክፍል በሜይ 19 ቀን 1780 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ቀኑ የጨለመበት ዕለት ይታያል። ምክንያቱ የደን ቃጠሎ ጭስ እንደነበር ሳይንቲስቶች በኋላ አረጋግጠዋል። በሌላው ክፍል በኖቬምበር 13 ቀን 1833 ሌሊት ከዋክብት እንደ ዝናብ የወረዱበት ክስተት አለ። ሁለቱም ሃሪየት ከመወለዷ በፊት የሆኑ ናቸው። መጽሐፍና ትምህርት ቤት በተከለከለ ሕዝብ መካከል ታሪክ ከአፍ ወደ ጆሮ እየተላለፈ እርሷ ዘንድ ደረሰ፤ እርሷም በክር አሰረችው።

ለደጋ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው የውርጩ ክፍል ነው። በፌብሩዋሪ 1895 በአሜሪካ ደቡብ ከባድ ቅዝቃዜ ወርዶ ነበር። ሃሪየት በጸሎት ላይ እንዳለች የደረቀች ሴት፣ የመጠጥ ዕቃ ይዞ የደረቀ ሰው፣ ትንፋሿ ወደ በረዶ የተለወጠ በቅሎ ሰፍታለች። ውርጭ ደግ ክፉ አይለይም።

ከሁሉም የተለየችው ቤትስ የተባለች አሳማ ናት። ከጆርጂያ እስከ ቨርጂኒያ 500 ማይል፣ ማለትም 800 ኪሎ ሜትር ያህል የሮጠች ናት ተብሎ ይተረክላታል። በባርነት ዘመን ወደ ሰሜን አቅጣጫ መሮጥ ምን ማለት እንደሆነ ማንም የደቡብ ጥቁር ያውቀዋል። ስለዚህ አጥኚዎች ቤትስ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ምሳሌ ሳትሆን አትቀርም ይላሉ።

ይህ ኩዊልት በ1898 ቻርልስ ካትበርት ሆል ለተባሉ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ኃላፊና የአትላንታ ዩኒቨርሲቲ የቦርድ አባል በስጦታ ተሰጠ። ለብዙ ዓመታትም በቤተሰባቸው እጅ ቆየ።

የመጨረሻ ዓመታት

ሥራዋ በኤግዚቢሽን ላይ ሲደነቅ የሃሪየት ኑሮ ግን አልተሻሻለም። ከ1890ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ቤተሰቡ መሬቱን እየቆራረሰ መሸጥ ጀመረ። በ1894 አርምስቴድ ግብር መክፈል አቃተው። በሚቀጥለው ዓመት ሚስቱንና እርሻውን ትቶ ሄደ። ሃሪየት ሌላ ባል አላገባችም። በልብስ ስፌት ራሷን እያስተዳደረች ኖረች።

ከዚህ ዘመን አንድ ፎቶግራፍ ቀርቷል። ሃሪየት ቆማ ትታያለች። ያገለደመችው ሽርጥ እንደ ፀሐይና ኮከብ ያሉ ምስሎች ተሰፍተውበታል። ኑሮዋ ቢከፋም የሥራ ልብሷን እንኳ ያለ ጌጥ አልተወችውም።

ሃሪየት ፓወርስ ጃንዋሪ 1 ቀን 1910 በ72 ዓመቷ አረፈች። በአቴንስ ከተማ ጎስፕል ፒልግሪም በተባለው የጥቁሮች መካነ መቃብር ተቀበረች። መካነ መቃብሩ ዳዋ ውጦት ስለነበር የመቃብሯ ድንጋይ እንደገና የተገኘው በ2005 ነው።

ከሞት በኋላ

የመጽሐፍ ቅዱስ ኩዊልት ጄኒ ስሚዝ በ1946 እስከ ሞተች ድረስ በእጇ ቆየ። ከዚያም ንብረቷን በአደራ የተረከቡት ሰው በ1960ዎቹ መጨረሻ በዋሽንግተን ለሚገኘው ለስሚዝሶኒያን ተቋም አበረከቱት። የሥዕል ኩዊልት ደግሞ በ1960ዎቹ የቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ንብረት ሆነ። ዛሬ ስለ አሜሪካ የሕዝብ ጥበብ የሚጻፍ መጽሐፍ የሃሪየትን ስም ሳይጠቅስ አያልፍም።

ለዚህ ያበቃት የእጇ ጥበብ ብቻ አይደለም። ያን ያህል ጥበብ የነበራቸው፣ ጨርቃቸው ተለብሶና ታጥቦ ያለቀ፣ ስማቸውም የጠፋ ሴቶች ብዙ ነበሩ። የሃሪየትን ስም ያቆየው ስለ ሥራዋ የተጻፈው ወረቀት ነው። ጄኒ በዚያን ዕለት ሃሪየት የነገረቻትን ባትጽፍ ኖሮ ጨርቁ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አሮጌ የሌሊት ልብስ ሆኖ ይቀር ነበር።

ዋጋውን ማን ይወስን?

የሃሪየት ታሪክ በአምስት ዶላሩ ቢያበቃ አሳዛኝ ብቻ ሆኖ በቀረ። ነገር ግን ተከታይ አለው። በ1965 መጨረሻ ከጆርጂያ ጎን ባለችው በአላባማ ግዛት ፍራንሲስ ዋልተር የተባሉ ቄስ በገጠር ሲያልፉ በገመድ ላይ የተሰጡ ኩዊልቶች አዩ። ከሴቶቹ እያንዳንዱን በአሥር ዶላር ገዝተው በኒው ዮርክ ከተማ በጨረታ እንዲሸጡ አደረጉ። አሥር ዶላር ማለት ሃሪየት ከ70 ዓመታት በላይ ቀደም ብላ ጠይቃ ያላገኘችው ዋጋ ነው። ጨረታው ደግሞ ከዚያ የበለጠ አስገኘ።

ሴቶቹ በዚህ አላቆሙም። በማርች 1966 በዊልኮክስ አውራጃ ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ። አባላቱ እኩል አራሾችና የእርሻ ሠራተኞች ሲሆኑ በርካቶቹ የመምረጥ መብታቸውን በመጠየቃቸው ከመሬት የመፈናቀል አደጋ የደረሰባቸው ነበሩ። ማኅበሩ የራሱን የመስፊያ ቤት ሠራ። የጥራት ደረጃ አወጣ። በ1972 ሲርስ ከተባለው ትልቅ የንግድ ድርጅት ጋር የትራስ ልብስ ለማቅረብ ውል ተዋዋለ። ዋጋው በአንዲት ሴት ደጃፍ ላይ በችግር ሰዓት መወሰኑ ቀርቶ በማኅበሩ ጠረጴዛ ላይ በውል መወሰን ጀመረ። ማኅበሩ ሥራውን በ2012 እስኪያቆም ድረስ ከ40 ዓመታት በላይ ለአባላቱ ገቢ አስገኝቷል።

የአላባማ ሴቶች መርፌ ከሃሪየት መርፌ የተለየ አልነበረም። ጥጡም እራፊውም ያው ነው። የተለየው ሃሪየት በጋሪ ላይ ተቀምጣ የምትማከረው ከባሏ ጋር ብቻ ሲሆን እነርሱ ግን የሚማከሩት ማኅበር ነበራቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአበው አባባል በተለይ ለፈታይና ለሸማኔ የተነገረ ይመስላል።

በመንዝ ደጋ ባናና ዝተት የሚሠሩ እናቶችና አባቶች ከዚህች ገበሬ ሕይወት የሚወስዱት ቁም ነገር አለ። የእጅ ሥራ ሲሸጥ የሠሪው ስም፣ መንደሩና የአሠራሩ ታሪክ አብሮ ቢጻፍ ለሥራው ክብር፣ ለሠሪውም ዋጋ ይጨምራል። ለየብቻ ሳይሆን በማኅበር ሲቀርብ ደግሞ ሻጩ እስከሚገባው ዋጋ ድረስ መጠበቅ ይችላል። ሃሪየት ፓወርስ ከዱቄት ከረጢት አውጥታ ያስረከበችው ጨርቅ ዛሬ በሙዚየም ተጠብቆ ይኖራል። የጠየቀችው ግን አሥር ዶላር ብቻ ነበር።